ለሳሎን ቲቪም ለሥራም የሚሆን ኮምፒውተር፣ ደሴ፣ በጀት 30 ሺህ ብር

የሆጤ_ልጅ

ሰላም ጀመዓ። ሳሎን ያለው ቲቪ 43 ኢንች ፎር ኬ ነው። ስማርት ተብሎ ቢሸጥም ዩቲዩብ እስኪከፍት ድረስ ቡና ይፈላል፤ ኤች 265 ፊልም በፍላሽ ሲሰካለት ደግሞ ድምፁን ብቻ እያሰማ ስክሪኑ ይጠቁራል። ስለዚህ አንድ ኮምፒውተር ሰክቼበት ማታ ፊልምና ዩቲዩብ፣ ቀን ደግሞ የሱቅ ሂሳብ በኤክሴል፣ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ፒዲኤፍና ዎርድ እንዲሠራ ነው የምፈልገው። ጌም የለም።

ሁለት አማራጭ ቀርቦልኛል። አንዱ ትልቅ ታወር ነው፤ «ኮር አይ 7፣ 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ» ይላል ሻጩ። ሁለተኛው መጽሐፍ የምታህል ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050፣ «ኮር አይ 5፣ 8 ጊጋ፣ 256 ኤስኤስዲ»። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አይ 7ቱ አይሻልም? ወይስ ዕቃውን ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠም ያዋጣል? መብራቱንስ እንዴት ላድርገው፣ ስታብላይዘር ይበቃል ወይስ ዩፒኤስ የግድ ነው? ድምፅ የሚወጣው በጂፓስ ነው።

ቦርከና_ማዶ

አብሽር። መጀመሪያ «ኮር አይ 7» የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርህም፤ ሻጩን ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ጠይቀው። 3770 ካለህ የፊቷ 3 ትውልዱ ናት፣ የ2012 እ.ኤ.አ. ዕቃ ነው። 7500 ካለህ 7ኛ ትውልድ ነው፣ 2017 እ.ኤ.አ.።

ለአንተ ሥራ ትውልዱ ከኮሩ ብዛት ይበልጣል። ቪዲዮ የሚፈታው በዋናነት ፕሮሰሰሩ ሳይሆን አብሮት ያለው ግራፊክስ ውስጥ ለዚሁ ብቻ የተሠራች ክፍል ናት። ኮዴኩን፣ ማለትም ቪዲዮው የታመቀበትን ዘዴ፣ ካወቀችው ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ፋኑም አይሰማም። ካላወቀችው ሸክሙ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቅና ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል።

በኢንቴል በኩል ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ 4ኛ ትውልድ ድረስ ከተለመዱት ውስጥ በደንብ የሚፈታው ኤች 264 ነው። 6ኛው ኤች 265ን ባለ 8 ቢቱን ይችላል፣ ባለ 10 ቢቱ ሲመጣ ይንገዳገዳል። 7ኛው ኤች 265 ባለ 10 ቢትንም፣ የዩቲዩብ ቪፒ 9ንም ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ኤቪ 1 የመጣው ከ11ኛው ጀምሮ ነው፤ ኤን 100 የምትባለዋ ትንሽ ቺፕም ታውቀዋለች። ፊልም ቤት በሃርድ ዲስክ የሚጭኑልህ ፎር ኬ ፊልም አብዛኛው ኤች 265 ባለ 10 ቢት ስለሆነ ለአንተ ድንበሩ 7ኛ ትውልድ ላይ ነው።

ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደልም አትዝለላት። «ቲ» ካለች 35 ዋት የሆነ፣ የማይግል ፕሮሰሰር ነው፤ ለሳሎን እሰየው። በአዳዲሶቹ ላይ «ኤፍ» ካየህ ግራፊክስ የለውም ማለት ነውና ያለ ካርድ ስክሪንህ ጨለማ ነው።

ለየብቻ ገዝቶ መገጣጠሙ በዚህ በጀት አይሆንም። ኬዙ፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማዘርቦርዱ፣ እያንዳንዱ የራሱን ትርፍ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ደህና ፓወር ሰፕላይ ብቻውን የበጀትህን ትልቅ ቁራሽ ይገምጣል፣ ርካሹን ከገዛህ ደግሞ የመብራቱ የመጀመሪያ ሰለባ እሱ ነው። ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ብራንድ ይሻልሃል።

ሸዋ_በር

እኔ ከመብራቱ ልጀምር፤ ብዙ ሰው በመጨረሻ የሚያስታውሰው እሱን ነው።

ኮምፒውተር የሚያቃጥለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን አመጣጡ ነው። ሲመለስ የሰፈሩ ፍሪጅና ምጣድ ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል፤ ቮልቴጁ ለደቂቃዎች ይዋዥቃል። ስታብላይዘር ይህንን ያስተካክላል፣ ግን ሲጠፋ አያቆይህም። ርካሽ ዩፒኤስ ያቆይሃል፣ ግን «ኦፍላይን» የሚባለው ዓይነት ከሆነ ቮልቴጅ አያስተካክልም፣ የመጣለትን እንዳለ ያሳልፋል። ካርቶኑ ላይ «ላይን ኢንተራክቲቭ» ወይም «ኤቪአር» የሚል ፈልግ፤ እሱ ሁለቱንም ይሠራል። ስታብላይዘር አስቀድመህ ካለህ ቅደም ተከተሉ ከግድግዳው ወደ ስታብላይዘር፣ ከዚያ ዩፒኤስ፣ ከዚያ ኮምፒውተር ነው። ገልብጠው የሚሰኩ አሉ፤ ዩፒኤሱ በባትሪ ሲሠራ የሚያወጣው ሻካራ ሞገድ ስታብላይዘሩን ታክ ታክ ያሰኘዋል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

650 ቪኤ የሚለውን 650 ዋት አድርገህ አትቁጠረው፣ የሚሸከመው ከ360 እስከ 390 ዋት ገደማ ነው። ለአንተ ግን ይበቃል፦ ትንሿ ዴል ፊልም ስታሳይ ከ20 እስከ 30 ዋት፣ 43 ኢንች ኤልኢዲ ቲቪ ከ60 እስከ 100 ዋት ነው የሚወስዱት። ውስጡ ያለችው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ከሆነች ሁለቱን ይዛ 20 ደቂቃ ብታቆይ ነው። ስለዚህ ዓላማው ፊልሙን መጨረስ ሳይሆን ኤክሴሉን ሴቭ አድርጎ መዝጋት ነው። ኮምፒውተሩን ብቻ ከሰካህባት ትርጉም ያለው ጊዜ ታገኛለህ። ሌዘር ፕሪንተርና ካውያ በጭራሽ እዚያ ላይ አይሰኩ።

ትንሿ የምትመረጥበት ሌላም ምክንያት አለ። ትልልቆቹ ፓወር ሰፕላዮች አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል ሰርኪዩት አላቸው፤ ርካሽ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ሲዞር በሚያወጣው የደረጃ ቅርጽ ያለው ሞገድ አንዳንዶቹ ደንግጠው ይጠፋሉ። «ዩፒኤስ ገዝቼ ኮምፒውተሩ አብሮ ይጠፋል» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። የትንሿ አዳፕተር 65 ዋት ነው፤ ከ75 ዋት በታች የሆኑት አብዛኞቹ ያ ሰርኪዩት ስለሌላቸው ግድ አይሰጣቸውም። ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉም ቮልቴጅ ሲወርድ ጥርሳቸውን ነክሰው ይሠራሉ።

አንዲት ማስተካከያ ቀረች። ዴልን ስትከፍት ኤፍ 2 ደጋግመህ ተጫን፣ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ «ፓወር ማኔጅመንት»፣ «ኤሲ ሪከቨሪ» የሚለውን «ፓወር ኦፍ» ላይ አድርገው። አለበለዚያ መብራት በመጣ ቁጥር ማንም ሳይነካው ራሱ ይነሳል፣ ያውም ቮልቴጁ ገና ባልረጋበት ሰዓት።

የሆጤ_ልጅ

አላህ ይስጥልኝ። ቁጥሮቹን አየሁ፦ ታወሩ አይ 7-3770 ነው፣ ዴሏ አይ 5-7500ቲ። ስለዚህ ዴሏ። ግን ከኋላዋ አንድ ኤችዲኤምአይና አንድ ዲስፕሌይ ፖርት ነው ያላት። ቲቪውን በኤችዲኤምአይ፣ ሞኒተሩን በዲስፕሌይ ፖርት ላድርግ?

ቦርከና_ማዶ

ገልብጠው! ጎበዝ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የ7050 ኤችዲኤምአይ 1.4 ነው። 1.4 ፎር ኬን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚያሳየው። ፊልም 24 ፍሬም ስለሆነ ላይታወቅህ ይችላል፤ ማውዙን ስታንቀሳቅስ ግን ጭቃ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል፣ ኤክሴል ወደ ታች ስትጎትት ዓይን ያደክማል። ዲስፕሌይ ፖርቱ 1.2 ስለሆነ ፎር ኬ በ60 ያወጣል። ስለዚህ ቲቪው በዲስፕሌይ ፖርት፣ ተራው የ1080 ሞኒተር በኤችዲኤምአይ።

ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። ገበያ የሞላው ርካሹ «ፓሲቭ» ሲሆን እሱም 30 ላይ ይቀራል። አንተ የምትፈልገው «አክቲቭ» የሆነውን፣ ላዩ ላይ «ፎር ኬ 60 ኸርዝ» የተጻፈበትን ነው። ጽሑፉን ብቻ አትመን፤ ሱቁ ውስጥ ፎር ኬ ቲቪ ካላቸው ሰክተህ የዊንዶውስ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ውስጥ 60 መኖሩን እይ። ኤችዲኤምአይ ገመዱ ከ5 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ፎር ኬ 60 ብልጭ ድርግም ማለት ይጀምራል።

ቲቪው ላይ ሦስት ነገር አስተካክል። አንደኛ፣ የዊንዶውስ ታችኛው አሞሌ ከተቆረጠ ቲቪው ምስሉን እየለጠጠው ነው፤ የስዕል መጠን ውስጥ «ስክሪን ፊት» ወይም «ጀስት ስካን» በለው። ሁለተኛ፣ ቀይ ጽሑፍ ዳርና ዳሩ ከተበላሸና ከደበዘዘ ለዚያ ወደብ «ፒሲ» የሚል ስም ስጠው፤ ብዙ ቲቪ ቀለሙን ሳይጨምቅ የሚያሳየው ያኔ ነው። ሦስተኛ፣ 60 አልመጣ ካለ ቲቪው ራሱ ወደቡን ዘግቶት ይሆናል፤ ሳምሰንግ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ኤልጂ «አልትራ ኤችዲ ዲፕ ከለር» ይሉታል፣ እሱን ክፈት።

ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለህ፣ ወይም ጨለማ ትዕይንት ውስጥ ፊት የማይለይ ከሆነ ኮምፒውተሩና ቲቪው በቀለም ክልል አልተግባቡም። በኢንቴል ግራፊክስ መቆጣጠሪያ «ኳንታይዜሽን ሬንጅ»ን «ፉል» ወይም «ሊሚትድ» እያደረግክ ከቲቪው ጋር አገጣጥመው።

ጦሳ_ሥር

ቦርከና ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን ትንሿን ሳይሆን መካከለኛዋን፣ ኤስኤፍኤፍ የምትባለዋን እመርጣለሁ። ፊልም የሚሰበስብ ቤት 256 ጊጋ በሳምንት ይሞላበታል። ትንሿ የምትይዘው ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ብቻ ነው፤ ኤስኤፍኤፏ ባለ 3.5 ትወስዳለች፣ እሱ በዚያው ዋጋ ብዙ ቴራ ይሰጣል። ኋላ ፍላጎት ከመጣ ደግሞ አጭር ቁመት ያለው ጂቲ 1030 የሚባል ግራፊክስ ካርድ ይገባባታል፦ 30 ዋት፣ ተጨማሪ የፓወር ገመድ አይፈልግም፣ ኤችዲኤምአይ 2.0 አለው። ስትገዛው ጂዲዲአር 5 የሆነውን እንጂ ዲዲአር 4 የሆነውን አትንካ፤ ስማቸው አንድ ነው፣ ጉልበታቸው ሰማይና ምድር።

መጥፎ ጎኗ ፓወር ሰፕላይዋ ነው። ዴልም ኤችፒም በእነዚህ ላይ የሚጠቀሙት ቅርጹም መሰኪያውም የራሳቸው ስለሆነ ሲቃጠል ከየሱቁ የሚገኘው ተራ ፓወር ሰፕላይ አይገጥምም። የትንሿ አዳፕተር ግን የላፕቶፕ ያህል የሚገኝ ነው። ከሸዋ በር ጋር የምስማማው እዚህ ላይ ነው፤ የመብራቱ ነገር የሚያስፈራህ ከሆነ ትንሿን ወስደህ ፊልሙን በውጭ ሃርድ ዲስክ ያዝ።

የትኛዋንም ብትገዛ ብር ሳትከፍል ሱቁ ውስጥ እነዚህን ፈትሽ፦

ባዮስ ግባ። ዴል ኤፍ 2፣ ኤችፒ ኤፍ 10፣ ሌኖቮ ኤፍ 1 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀህ ተዋት፤ ከድሮ መሥሪያ ቤቷ ሳትፈታ የወጣች ናት። «እንፈታልሃለን» ቢሉህም ፈትተው ያሳዩህ፣ ከዚያ በኋላ ክፈል።

የዲስክ ጤንነት የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን በፍላሽ ይዘህ ሂድ። ሃርድ ዲስኩ «ሪአሎኬትድ» ወይም «ፔንዲንግ» ላይ ከዜሮ ውጭ ካሳየ ዋጋው ከሒሳብ ይውጣ። አዲስ ነው የተባለ ኤስኤስዲ ብዙ ሺህ ሰዓት ሠርቶ ከተገኘም አዲስ አይደለም።

ራሙ አንድ ባለ 8 ነው ወይስ ሁለት ባለ 4? ይህ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከራሙ ነው የሚበደረው፤ በሁለት ጎን ሲሆን መንገዱ ሁለት እጥፍ ይሰፋለታል። አንድ ባለ 8 ከሆነ ሌላ ባለ 8 ጨምርበት።

ዋይፋይ ካርድ መኖሩን እይ። ከቢሮ የሚወጡት ብዙዎቹ የላቸውም፤ ከኋላ የአንቴና ቀዳዳው በፕላስቲክ ተደፍኖ ታገኘዋለህ። ራውተሩ ሳሎን ከሆነ ግን ዋይፋዩን ትተህ የኔትወርክ ገመድ ሰካ።

በመጨረሻ ክዳኗን አስከፍት። አቧራው ፋኑን ደፍኖ ከሆነ ቴርማል ፔስቱም ደርቋል ማለት ነው። የድሮውን ፔስት በአልኮል ጠርገህ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርግ፣ ከዚያ አትብለጥ። አቧራውን ደግሞ ጎሚስታ ቤት ወስደህ አታስነፋው፤ ኮምፕሬሰሩ ውሃና ዘይት ይተፋል። ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል፣ ፋኑን በጣትህ ይዘህ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ያው ፋን እየዞረም የሚያወጣው ሙቀት ከባሕር ዳርቻ አገር ያነሰ ነው። ብርዱ እንዳያታልልህ፤ በመስታወት የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ከከተትካት ትታፈናለች።

ፊደል_ገበታ

ስለ ሶፍትዌሩ ማንም አላነሳም። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4፣ 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። 7500ቲ በመሐል ቤት ቀርታለች። በተመሳሳይ ዋጋ አይ 5-8500ቲ ያላት ካገኘህ ሳታመነታ እሷን ውሰድ። ካላገኘህ ሊኑክስ ሚንት ጫንባት፤ ሲጫን «መልቲሚዲያ ኮዴክ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርግ፣ እሷን የዘለለ ሰው ነው «ሊኑክስ ቪዲዮ አይከፍትም» የሚለው። ሊብሬ ኦፊስ የኤክሴል ፋይልህን ይከፍታል። የሱቁ ሂሳብ ማክሮ ካለበት ግን መጀመሪያ ሞክረው፣ እዚያ ላይ ሊያስቸግርህ ይችላል።

ለፊልም ኮዲ የሚባለውን ማጫወቻ ጫን። «ሴቲንግ»፣ «ፕሌየር» ውስጥ «አድጀስት ዲስፕሌይ ሪፍሬሽ ሬት»ን «ኦን ስታርት ስቶፕ» አድርገው። 24 ፍሬም የሆነ ፊልም 60 ላይ እኩል ስለማይካፈል ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ሲበራ ቲቪው ራሱ ወደ 24 ይወርዳል።

የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ ፋይሉ አልተበላሸም፣ ፎንቱ ግዕዝ ስለሌለው ነው። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አውርደህ ኮዲ ዶሴ ውስጥ «ሚዲያ»፣ ከዚያ «ፎንትስ» ውስጥ ክተተው፤ ቀጥሎ በትርጉም ጽሑፍ ማስተካከያው ላይ እሱን ምረጥ። በሳጥን ፋንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከመጣ ግን ችግሩ ኢንኮዲንጉ ነው፦ ፋይሉን በኖትፓድ ከፍተህ አማርኛው በትክክል ከታየህ «ሴቭ አዝ» ብለህ ዩቲኤፍ 8 አድርገው። ኖትፓድም ላይ ከተዘበራረቀ በድሮ የአማርኛ ሶፍትዌር የተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ እሱ በዚህ መንገድ አይድንም።

ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ቪዲዮው ላይ ቀኝ ተጫንና «ስታትስ ፎር ነርድስ»ን ክፈት። ኮዴክ የሚለው መስመር «ኤቪ 01» ብሎ ከጀመረ ዴልህ የማታውቀውን እየላከልህ ነው። «ኤንሃንስድ ኤች 264 ፋይ» የሚባል የብራውዘር ተጨማሪ አለ፤ ኤቪ 1ን ብቻ አግድበት። ቪፒ 9ን አብረህ ካገድከው ዩቲዩብ ኤች 264ን ከ1080 በላይ ስለማይልክ ፎር ኬህ ይቀርብሃል።

ፊልም የምታመላልስበት ፍላሽ ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ቦታ እያለው «ሞልቷል» የሚልህ ለዚህ ነው። ኤክስፋት አድርገህ ፎርማት አድርገው።

ሸዋ_በር

ስለ ጂፓሱ ሳልናገር አለፍኩ። ከኮምፒውተሩ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በቀይና ነጭ ገመድ ከሰካኸው «ኡኡኡ» የሚል ድምፅ ሳይኖረው አይቀርም። ጂፓሱ፣ ቲቪው፣ ኮምፒውተሩና የዲሹ ሽቦ በተለያየ ሶኬት ሲሆኑ በመሬታቸው በኩል ክብ ስለሚሠሩ ነው። ሁሉንም አንድ ማከፋፈያ ላይ ሰብስባቸው። ካልጠፋ የዲሹን ኬብል ከሪሲቨሩ ንቀል፤ ያኔ ከጠፋ ጥፋተኛው ዲሹ ነው። ከኮምፒውተሩ ይልቅ ድምፁን በኤችዲኤምአይ ልከህ ከቲቪው ወደ ጂፓሱ ብታወጣው ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ በቲቪው ሪሞትም ድምፅ ትቆጣጠራለህ።

ኬዙን ስትነካው የሚነዝርህ ከሆነ ሶኬቱ ኧርዝ የለውም። ያቺን ንዝረት አትናቃት፤ ገመዱ በርቶ እያለ ኤችዲኤምአይ ስትሰካና ስትነቅል በወደቡ በኩል ታልፍና ቲቪውን ወይ ኮምፒውተሩን ልታቃጥል ትችላለች። ሁለቱንም ከግድግዳ ንቀል፣ ኤችዲኤምአዩን ሰካ፣ ከዚያ አብራ። ክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ሶኬት መንቀል ብቻ አይበቃም፤ ከጣሪያ የሚወርደውን የዲሽ ኬብልም ንቀል። መብረቅ በዲሽ ከገባ በሪሲቨሩ፣ በቲቪው፣ በኤችዲኤምአዩ አድርጎ ኮምፒውተሩ ጋ ይደርሳል፣ ዩፒኤሱም አያውቀውም።

የሆጤ_ልጅ

ዴሏን ወሰድኩ፣ ባለ 8500ቲ ተገኘች፤ አክቲቭ ገመዱም 60 አሳየ። አንድ ነገር ብቻ፦ ገመድ አልባው ኪቦርድና ማውዝ ሶፋው ላይ ሆኜ ይዘላል፣ ፊደል ይውጣል። ባትሪው አዲስ ነው።

ጦሳ_ሥር

መቀበያዋን የት ሰካሃት? ከኋላ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ላይ ከሆነ፣ አጠገቡም ሃርድ ዲስክህ ከተሰካ፣ ዩኤስቢ 3 መረጃ ሲያስተላልፍ ልክ 2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ ይረጫል፤ ኪቦርዱም የሚሠራው እዚያው ላይ ነው። ፊልም ከሃርድ ዲስኩ እየታየ ሳለ የሚብስ ከሆነ እሱ ነው። ጥቁሩ ዩኤስቢ 2 ላይ አዙራትና በአንድ ሜትር ማስረዘሚያ ከቲቪው ፊት አውጥተህ ወደ ሶፋው አስይዛት።

የሆጤ_ልጅ

ሃርድ ዲስኩ አጠገቧ ነበር። ወደ ጥቁሩ አዞርኳት፣ ማስረዘሚያውንም ቲቪው ሥር በፕላስተር ለጠፍኩት። አሁን አይዘልም።